የጋሽ መንገሻ ጆሮ

ጋሽ መንገሻ መሞቱን የነገረኝ አወል ነው። ከሰርቦ ደውሎ «ዶክተሩ አረፈ እኮ ማርቆስ፤ ወላሂ ጅማ ጆሮዋን አጣች» አለኝ። እኔ በዚያ ሰዓት አንድ ሚኒባስ ዳሽቦርድ ስር በጀርባዬ ተኝቼ የተቋረጠ ሽቦ እየፈለግሁ ነበር። እግዚአብሔር ያጽናን አልኩትና ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ሰው ሲሞት እንደማይሳቅ እናቴ አስተምራኛለች። ግን ጆሮ የሚለው ነገር አላስችል አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ሟቹ ቤት ሄድኩ። እድሩ ድንኳን ተክሎ ጎረቤቱም የጋራዡም ሰው ተሰብስቧል። ሞት ሰውን ሁሉ ደግ ያደርጋል፣ አውቃለሁ፤ ይሄን ግን አበዙት። አንዱ «ሞተር በጆሮው ያክም ነበር» ይላል። ሌላው «ሐሜት የሚባል አይወድም፤ ከኋላዬ አታውሩ፣ ፊቴ ቆማችሁ ተናገሩ ነበር የሚለው» ብሎ ዓይኑን ይጠርጋል። ሌላው ደግሞ እንደ ዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ተጥዶ እንደማይውል፣ ሲደወልለት እንኳ ሰው አንስቶ እንዲያወራለት እንደሚሰጥ አነሳና ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ንፍሮዬን እየቆረጠምኩ አዳምጣለሁ። የሰውዬውን ደግነት የሚቆጥሩ መስሏቸው የበሽታውን ምልክት አንድ በአንድ ይዘረዝሩልኝ ነበር።

ፊት ለፊት «እርስዎ» እያልኩት ነው የኖርኩት፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። እዚህ ታሪክ ላይ ግን «እሱ» ብዬ ብጠራው አይከፋኝም። የነበረኝን አክብሮት በሕይወት እያለ ጨርሼዋለሁ።

የምንሠራው በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሁላችንም የየራሳችንን ጥግ ተከራይተን። በአንድ በኩል ባትላሜራው የተጨማደደ ላሜራ ሲደበድብ ይውላል፣ በሌላ በኩል ጎሚስታው ጎማ ይለጥፋል፣ እኔ ከሆሳዕና ይዤው በመጣሁት የዕቃ ሻንጣ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። መሀል ላይ፣ ትልቁ ዋንዛ ስር፣ የጋሽ መንገሻ ቦታ ነው። ከሌሎቻችን በልብሱ ይለያል። እኛ በዘይት የተጨማለቀ ቱታ ስንለብስ እሱ ነጭ ጋወን ይለብሳል፣ አንገቱ ላይ የሐኪም ማዳመጫ ያንጠለጥላል። ማዳመጫውን ከየት እንዳመጣው ጠይቄው አላውቅም፤ ቢጠየቅም የሚመልስ አልነበረም። ከተማው ዶክተር የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እሱ ደግሞ እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። የመብራት ሰው ነበር የሚለኝ።

መኪና ሲመጣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሞተሩ ይነሳል። ጋሽ መንገሻ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ያን ጊዜ ግቢው በሙሉ ጸጥ ማለት አለበት። ባትላሜራው መዶሻውን ያስቀምጣል፣ ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን ያጠፋል፣ በር ላይ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ሳትቀር ብርጭቆ ማጠቧን ታቆማለች። እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይሰካና ጫፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፤ ግራ መዳፉን ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ዘርግቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ደንበኛው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከዚያ ጋሽ መንገሻ ዓይኑን ይገልጥና «ካርቡራተር ነው» ይላል።

ሁልጊዜ ካርቡራተር ነው። ሌላ ነገር ሲል ሰምቼው አላውቅም። የአህያ ጋሪ ቢያመጡለትም ካርቡራተር ከማለት የሚመለስ አይመስለኝም። ፈቶ በቤንዚን ያጥበዋል፣ ይገጥመዋል፣ ማንም እንዲነካበት በማይፈቅደው ካቻቢቴ ሚኒሞውን ከፍ ያደርግና መንቀጥቀጡ ሲያቆም «ዳነ» ይላል። ደንበኛው ትከሻውን ስሞ ይሄዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው መኪና እየተንቀጠቀጠ ይመለሳል፣ ያው እጅ ይነሳል፣ ያው ጸጥታ ይሆናል።

ሚኒሞ ለማያውቅ ሰው፣ እግራችንን ከነዳጅ ላይ አንስተን መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ያለው አነስተኛ ዙር ነው። ያን ጊዜ ሞተር በጣም ጥቂት አየር ነው የሚስበው፤ ያንንም ልኩን አውቆ በካርቡራተሩ በኩል ነው። አሮጌ መኪና ላይ ግን የጎማ ቱቦዎቹ በሙቀት ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ሞተሩ ያልተለካ አየር በጎን ይስባል። በሩጫ ላይ ብዙም አይታወቅም። ሲቆም ይንቀጠቀጣል፣ ዙሩ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጨርቅ በጠቀለሉበት ፒንሳ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጨመቅ ማድረግ ነው፤ የትኛው ሲጨመቅ ሞተሩ እንደረጋ ማየት። ጆሮ ያለው ሰው ደግሞ ቀረብ ቢል የሚስበው ቀጭን ፉጨት ይሰማዋል። ጋሽ መንገሻ ግን ቱቦ የሚባል ነገር መኪና ላይ መኖሩን የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ሚኒሞውን ከፍ ሲያደርግ መንቀጥቀጡ ይሸፈናል፤ ስንጥቁ እዚያው ነው።

አንድ ጊዜ አፌ አምልጦኝ ነበር። የአንድ ቡና ነጋዴ መኪና ደጋግማ ስትመለስ አላስችለኝ ብሎ ሰው ፊት «ጋሼ፣ ካርቡራተር አይመስለኝም፣ ቱቦዎቹ ይታዩ» አልኩ። ጋሽ መንገሻ አልተሳደበም። ማዳመጫውን አወለቀ፣ ጋወኑን አውልቆ አጣጠፈና የዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ አኖረው፣ ወጥቶ ከበሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሥራ አቆመ ማለት ነው። እሱ ሥራ ሲያቆም መኪና አይገባም፤ መኪና ካልገባ ባትላሜራውም ጎሚስታውም እጃቸውን አጣጥፈው መዋላቸው ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ተጠራ። የእድሩ ዳኛ መጡ፣ ከግቢው አጠገብ መለዋወጫ የሚሸጡት ሐጂ ጀማል መጡ፣ ጫት ተበጠሰ፣ ዋንዛው ስር ሸንጎ ተቀመጠ። ቱቦውን ያየ ሰው አልነበረም። ጉዳዩ ቱቦ ሳይሆን ታላቅ ሰውን ደንበኛ ፊት ማረም ነበር። ፍርዱ ሲነገር፣ ጋሽ መንገሻ ሰምቶ ሳይናገር በዚህ ግቢ ማንም ስለ ሞተር አፉን አይክፈት ተባለ። ጉልበቱን ስሜ ተነሳሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም ተመረቅሁ፣ አሜን አልኩ። የነጋዴው መኪና በሳምንቱ አሰንዳቦ ገበያ መሀል ጠፍታ አልነሳ አለች፤ ሽማግሌዎቹ ቱቦዋን አላስታረቋትም ነበር።

መርዶውን ደውሎ የነገረኝ አወል ታሪኩ ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ያኔ አባቱ የሞቱበት የሰርቦ ወጣት ነበር። አባቱ ሹፌር ነበሩ፣ መኪናቸውን ከጋሽ መንገሻ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር፤ ልጁም መካኒኩን እንደ ርስት ወረሰው። አንዲት አሮጌ ነጭ የቤንዚን ፒካፕ ገዝቶ ቡና ያመላልስባት ጀመር። ፒካፗ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፣ ዙሯ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ካርቡራተሩ ስንት ጊዜ እንደታጠበ እግዜር ይወቀው። ሚኒሞው ከፍ ከማለቱ የተነሳ እግሩን ከነዳጅ ላይ አንስቶም በራሷ ትገፋለች።

አንድ ዓርብ ጠዋት የፍሬን መብራቱን እንዳይለት እኔ ዘንድ አመጣት። ፔዳሉን ብረግጠው ድንጋይ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ከሞተሩ ተነስቶ ፍሬኑን ወደሚያግዘው ክብ ቆርቆሮ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ነካሁት፤ ጫፉ አጠገብ ተሰንጥቆ ጣቴን ይስበኛል። ሞተሩ የሚንቀጠቀጠውም ፍሬኑ የሚደነድነውም በዚህች አንዲት ስንጥቅ ነው። ጫፉን ቆርጬ ልመልሰው ብል ያጥራል፣ ደግሞም ሁለመናው ደርቋል፤ አዲስ ያስፈልገዋል። አወልን ወደ ጎን ወስጄ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«ላኪ፣ አይሆንም ማርቆስ» አለኝ። «አንተ መብራቱን ብቻ እይልኝ። ዶክተሩ በጆሮው የሰማውን አንተ በጣትህ ልታፈርስ ነው?»

በማግስቱ ንጋት ላይ እናቱን ይዞ አዲስ አበባ ለዓይን ቀጠሮዋ ሊሄድ ነበር። ከአሰንዳቦ ወዲያ ወደ ጊቤ በረሃ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ ላይ ፍሬን እንደ ድንጋይ ከደነደነ እግር ምንም አያደርግም። አሮጊቷ ያን ጊዜ ጊንጆ ጉዱሩ ዘመድ ቤት አርፋ ቦርሳዋን እያዘጋጀች ነው። ልጇ ደግሞ ለመንገዱ ብሎ ፒካፗን ከእኔ ወስዶ ዋንዛው ስር አቆማት፤ ካርቡራተር ሊያሳጥብ።

የጁምዓ ሰዓት ደረሰ። ሐጂ ጀማል ሱቃቸውን ዘጉ፣ ባትላሜራውም ጎሚስታውም አወልም ወደ መስጊድ ሄዱ። ግቢው ውስጥ እኔና ጋሽ መንገሻ ብቻ ቀረን። እሱ ካርቡራተሩን አጥቦ ገጥሞ ጨርሷል፣ ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴውን ይወለውላል። የሽማግሌዎቹ ፍርድ ትዝ አለኝ፤ ግን አሮጊቷም ትዝ አለችኝ። ከኋላው ቆሜ «ጋሼ» አልኩ። ዝም አለኝ። ጮክ ብዬ ስሙን ጠራሁት፣ ዝም። የናቀኝ መሰለኝና ሆዴ ውስጥ የከረመውን ሁሉ አወጣሁት። «አንተ ባለ ነጭ ጋወን ቀጣፊ፣ እናትና ልጅ ልትገድል ነው» ማለቴን አስታውሳለሁ፤ አንተ ብዬ። ካቻቢቴውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና መወልወሉን ቀጠለ። ሄጄ የፒካፗን ጥሩምባ ተጫንኩ፣ እጄን ሳላነሳ። የዋንዛው ወፎች በሙሉ ተነስተው በረሩ። ጋሽ መንገሻ ዞር አላለም።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ፊቴ ቆማችሁ ተናገሩ የሚለው ከንፈር ለማየት ነው። ስልክ የማይነካው ለዚህ ነው። እጁን አንስቶ ግቢውን ጸጥ የሚያሰኘውም ለመስማት ሳይሆን በዚያ ሰዓት ማንም እንዳያናግረው ነው። ግራ መዳፉ ፓራፋንጎው ላይ የሚዘረጋው መንቀጥቀጡን ሊለካ ነው፤ መዳፍ ሞተሩ መንቀጥቀጡን ይናገራል እንጂ የትኛው ቱቦ እንደሚያፏጭ አይናገርም። ለዚህ ነው ዘመኑን ሁሉ አንዲት የሚኒሞ ቪቲ ሲያዞር የኖረው።

መጀመሪያ አዘንኩለት። መካኒክ ከመሆኑ በፊት ወጣትነቱን በባትላሜራ መዶሻ የጨረሰ ሰው ነው፤ ጆሮው ቢሞት ምን ይደንቃል። ሐዘኔ ግን ብዙ አልቆየም። አለመስማት ነውር የለውም። ሳይሰሙ ሰማሁ ብሎ ሰውን ወደ ጊቤ መስደድ ግን ነውር ነው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የማስበው፣ አፈር ከለበሰም በኋላ።

ፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

«አይሰሙም አይደል፣ ጋሼ?»

ከንፈሬን አየ። ደነገጠ፣ ቀጥሎ በሩን አየ።

«ለሰው ተናገርክ?» አለኝ።

የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር። ስንት መኪና አበላሸሁ አላለም፣ አወል አላለም። አልተናገርኩም አልኩና እጁን ይዤ ወደ ፒካፗ ወሰድኩት፤ መዳፉን ፓራፋንጎው ላይ አስቀመጥኩለት። ሚኒሞውን ዝቅ ሳደርገው መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈች። ወፍራሙን ቱቦ በፒንሳ ጨመቅሁት፤ ረጋች። ለቀቅሁት፤ ተንዘፈዘፈች። እያንዳንዱን ቃል ቀስ አድርጌ፣ ከንፈሬ እንዲታየው፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ጊቤ፣ ስለ አሮጊቷ ነገርኩት። «እኔ ብነግረው አያምነኝም፤ ነግሬው ሳቀብኝ። እርስዎ ይንገሩት» አልኩ። መዳፉን ሳያነሳ ቱቦውን አየ። ከዚያ አገጩን ቀና አድርጎ «እሺ። የምናገረው ግን እኔ ነኝ፤ አንተ አፍህን አትከፍትም» አለኝ። ይቅርታ እየጠየቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ውል እያስገባኝ ነው።

ሰዎቹ ከመስጊድ ተመለሱ። ጋሽ መንገሻ ጋወኑን አስተካከለ፣ እጁን አነሳ። ጸጥታ ሆነ። ማዳመጫውን ሰካ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከወትሮው አስረዘመው። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ በጣቱ እያሳየ «ቱቦ ነው። ፍሬኑንም የያዘብህ እሱ ነው» አለ። ባትላሜራው አፉን ይዞ ቀረ። አወል ሮጦ ሐጂ ጀማል ዘንድ ሄደና አዲስ ቱቦ ይዞ መጣ፤ ተገጠመ፣ ሚኒሞው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ፒካፗ ዝም ብላ ቆመች። አወል ፔዳሉን ረግጦ ለስልሶ ቢያገኘው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ «ሃርሜን፣ እናቴን አዳንክልኝ» ብሎ የጋሽ መንገሻን ትከሻ ሳመ። ያ ሰውዬ፣ ትከሻው እየተሳመ፣ በአወል ራስ ላይ አሻግሮ አየኝ።

«አየህ፣ የመብራት ሰው» አለኝ ሁሉም እየሰማ፤ «መስማት ማለት እንዲህ ነው።»

ፒንሳውን ልወረውርበት ቃጥቶኝ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ መለስኩት፤ አሮጊቷ በማግስቱ ጊቤን በሰላም ወርዳለች፣ በሰላምም ተመልሳለች። አወል ለለቅሶው ከሰርቦ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ለሐዘንተኛው ሲያወራ የነበረው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ዓርብ በኋላ ሥራው በአዲስ መልክ ቀጠለ። መኪና ሲመጣ ጋሽ መንገሻ እጁን ከማንሳቱ በፊት ደንበኛውን ሻይ ጠጣ ብሎ ይሸኘዋል፣ እኔ ሽቦ የማይ መስዬ ቱቦዎቹን እጨምቃለሁ። ከዚያ ትርኢቱ ይጀመራል፤ እኔ ከሞተሩ ማዶ ቆሜ ከንፈሬን ያለ ድምፅ አንቀሳቅሳለሁ፣ እሱ በጨፈነው ዓይኑ ስንጥቅ አንብቦ ይናገራል። ዝናው አጋሮ ድረስ ሄደ። አመሰግናለሁ የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። አንድ ነገር ብቻ አልክድበትም፤ ከንፈሬን ሳያይ ሚኒሞ ከፍ አድርጎ መኪና የሸኘበትን ቀን ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ለዚህች ብዬ ልወደው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ከቀብሩ በኋላ ባለቤቱ ማዳመጫውን ለጋራዡ መታሰቢያ ይሁን ብላ ላከችው። ባትላሜራው ዋንዛው ላይ ምስማር መትቶ ሰቀለው። እኔ ይሄ ዘመን አለፈ፣ ከእንግዲህ እውነት በራሷ አፍ ትናገራለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለቅሶው እንዳበቃ አንድ አሮጌ የቤንዚን ሚኒባስ መጣ። ወልቂጤ የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ጭኖ መንገድ ላይ መንቀጥቀጥ አስቸግሮት ነው። ፔዳሉን ረገጥኩ፤ የማውቀው ድንጋይ ነው። ፒንሳዬን አምጥቼ ወፍራሙን ቱቦ ጨመቅሁ፤ ሞተሩ ረጋ። ሹፌሩን ጠርቼ ጨምቄም ለቅቄም አሳየሁት፣ ፍሬኑን አስረዳሁት፣ ቱቦው በሐጂ ጀማል ሱቅ እንደሚገኝ ነገርኩት። ፒንሳውን አየ፣ ቱታዬን አየ። «አንተ ኤሌክትሪሽያን አይደለህ እንዴ?» አለኝ። «ዶክተሩ በሕይወት ቢኖር ጥሩ ነበር። ይሁን፣ ወልቂጤ ደርሼ ካርቡራተሩን አሳጥበዋለሁ።» ኮፈኑን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። በመስኮቱ አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ መቼ እንደሚሄዱ ትጠይቃለች።

ሂድና ተፈጥፈጥ ልለው ነበር። ሕፃኑን አየሁት።

ወደ ዋንዛው ሄጄ ማዳመጫውን ከምስማሩ አወረድኩ፣ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት፣ ቀኝ እጄን አነሳሁ። ባትላሜራው መዶሻውን አስቀመጠ። ኮምፕሬሰሩ ጠፋ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ፤ ውስጡ የዘመናት ግራሶ ደርቆበት ምንም አይሰማም። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የሚበቃ ያህል ጠበቅሁ። ከዚያ «ቱቦ ነው» አልኩ።

ሹፌሩ አንድ ቃል ሳይጨምር ወደ ሐጂ ጀማል ሱቅ ሮጠ። ቱቦው ተገጥሞ ሲወጣ ፔዳሉን ረግጦ ፈገግ አለና በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር» አለኝ።

እጄን አንስቼ ሸኘሁት። ማዳመጫው እስከ ማታ አንገቴ ላይ ነበር።